ለእንቁላልም ለስጋም የሚሆን ዳክዬ እንዴት ይመረጣል?

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ስልኬ ማረፊያ ያጣል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እንቁላልም የምትጥል፣ ስጋም ያላት ዳክዬ ፈልጌ ነበር፤ የትኛዋን ልግዛ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሐበሻ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዳክዬ ማርባት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጀምሮ እስከ መጀመሪያው እርድ ድረስ ያለውን እዚሁ በተራ በተራ ጽፌላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። «ለሁለቱም የሚሆን» ሲባል አንዷ ዳክዬ እንቁላል ስትጥል ኖራ በመጨረሻ ትታረዳለች ማለት አይደለም። እንቁላሉ የሚመጣው ከሴቶቹ ነው፤ ስጋው የሚመጣው ከትርፍ ወንዶቹ ነው። አሥር ጫጩት ብታሳድጉ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ። አንዱ ለዘር ይቀራል፤ የቀሩት ወደ ድስት ይሄዳሉ። እንግዲህ የምትፈልጉት እህትየው በደንብ የምትጥልበትን፣ ወንድምየው ደግሞ በደንብ የሚሰባበትን ዝርያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- የሜትር ገመድ
- እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛንና አንድ ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት
- እግር ላይ የሚታሰር ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት
- ለጫጩቶቹ ሰፊ ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ገንዳ፣ ማሞቂያ እና ቴርሞሜትር
- የጥድ ሰጋቱራ (ዝግባ ነክ የሆነው፣ ሽታው የሚከብደው ሰጋቱራ አይሁን፤ መተንፈሻቸውን ይጎዳል)
- መድኃኒት ያልገባበት የጫጩት መኖ
- የቢራ እርሾ ዱቄት
- አፍንጫቸውን የሚያሰጥም ጥልቀት ያለው ውሃ መጠጫ
- ለቤታቸው፣ ቀዳዳው ከግማሽ ኢንች የማይበልጥ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት

1ኛ ደረጃ፦ መጀመሪያ ቤተሰቡን ጠይቁ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ዳክዬ የማይበላ ብዙ ሰው አለ። እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ አይነኩትም ከሆነ ያን ሁሉ ስጋ ብቻችሁን አትጨርሱትም። በግልጽ ጠይቁ። ማን እንቁላሉን ይበላል? ማን ስጋውን ይበላል? ማን ያርዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ስም የተሰጣቸው፣ ልጆቹ ያቀፏቸው ስድስት ወንዶች ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ቢላ የሚይዝ ሰው ይጠፋል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ አራጁን ቀድማችሁ ካላዘጋጃችሁ የእርዱ ቀን ይገፋል። ለምን መግፋት እንደሌለበት 8ኛ ደረጃ ላይ ታያላችሁ።

ከዚያ ሁለት ቁጥር ጻፉ። በሳምንት ስንት እንቁላል? በዓመት ስንት ዳክዬ ለድስት? «ብዙ» ብላችሁ አትጻፉ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ሃያ እንቁላል ለሳምንት ይበቃዋል እንበል። ይህ በዓመት 1040 ነው። የዳክዬ እንቁላል ከ70 እስከ 90 ግራም ስለሚመዝን ከዶሮው ይበልጣል፤ ለሦስት የዶሮ እንቁላል ሁለት የዳክዬ ይበቃል።

ቤታችሁ ውስጥ ሁዳዴ የሚጾም ካለ ይህንንም ጻፉ። ዳክዬ በብዛት የምትጥለው ቀኑ እየረዘመ ሲመጣ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ያ ደግሞ ልክ ጾሙ ላይ ይወድቃል። 55 ቀን ሙሉ እንቁላሉ ይከመራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚገኘውን ለማስፈልፈል ተጠቀሙበት፣ ወይም ለማይጾም ጎረቤት አስቀድማችሁ ቃል ግቡ። እኔ የማስፈልፈያ ማሽኔን የማበራው በዚያ ወቅት ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ሕጉንና ግቢውን ለኩ

የከተማችሁን ወይም የካውንቲያችሁን የዞኒንግ ቢሮ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዳክዬ ይፈቀዳል ወይ? ስንት ድረስ? ግቢ ውስጥ ማረድስ? ዶሮ የሚፈቅድ ከተማ ሁሉ ዳክዬ አይፈቅድም። የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ የእሱንም ደንብ አንብቡ፤ ከከተማው የጠበቀ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ ያሳደጋችሁትን ለራሳችሁ ቤተሰብ ብታርዱ የፌደራል የስጋ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። ለመሸጥ ከሆነ ግን ሌላ ሕግ ነው፤ የስቴቱን ግብርና ቢሮ ጠይቁ።

ለማደሪያ ቤት ለአንዷ ዳክዬ ቢያንስ 0.4 ካሬ ሜትር መድቡ። አብዛኛው ዳክዬ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ከፍታ ሳይሆን ወለል ነው የምትቆጥሩት። ኩሬ የግድ አይደለም። ጭንቅላታቸውን ነክረው አይናቸውንና አፍንጫቸውን የሚያጥቡበት ውሃ ግን የግድ ነው፤ አለበለዚያ አይናቸው ይታመማል።

የጎረቤት ርቀትንም አስቡበት። የምትጮኸው ሴቷ ናት። ወንዱ ድምፁ የሻከረና ዝቅ ያለ ነው። አጥር ለአጥር የምትኖሩ ከሆነ ይህ ነገር ዝርያ ምርጫችሁን ሊወስን ይችላል።

3ኛ ደረጃ፦ ዝርያውን ከቁጥራችሁ ጋር አስተያዩ

ከዚህ በታች ያሉት የእንቁላል ቁጥሮች በደንብ የተያዘች ዳክዬ በዓመት የምትጥለው ነው። የክብደት ቁጥሮቹ በቁም ናቸው። ታርዶ፣ ላባው ወርዶ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከቁም ክብደቱ ሰባ በመቶ ያህሉ ይቀራል።

*ሲልቨር አፕልያርድ።* አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው። ከ220 እስከ 265 እንቁላል ትጥላለች፤ ክብደቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። አምስት ሴት ብታስቀሩ ያ የ1040 እንቁላል ሒሳባችሁ ይሞላል። አራት ትርፍ ወንድ ደግሞ እያንዳንዱ 3.3 ኪሎ ቢመዝን ከ9 ኪሎ በላይ የታረደ ስጋ ይሰጣችኋል። ይህ እንግዲህ «ለሁለቱም» የሚባለው ሲሠራ ነው። ረጋ ያለ ነው፤ አጥር የሚዘል ዓይነት አይደለም።

*ሳክሶኒ።* ከ190 እስከ 240 እንቁላል፣ ከ3.2 እስከ 3.6 ኪሎ። ለአፕልያርድ በጣም የቀረበ ነው። ሣር ውስጥ ገብቶ ቀንድ አውጣና ትል መልቀም ይወዳል፤ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው መኖ ይቆጥብለታል። አፕልያርድ ካጣችሁ ሳትጨነቁ ይህን ውሰዱ።

*አንኮና።* ከ210 እስከ 280 እንቁላል፣ ወደ 2.8 ኪሎ። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ከሁለቱ ያንሳል፤ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ይበላልም ትንሽ ነው። ለጠባብ ግቢ ጥሩ ነው። እንቁላል በብዛት የሚፈልጉ፣ ስጋ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ የሚፈልጉ ቤተሰቦችን ወደዚህ እመራለሁ።

*ዌልሽ ሃርለኩዊን።* ከ240 እስከ 330 እንቁላል፣ ወደ 2.5 ኪሎ። ወደ እንቁላሉ ያደላል። አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአፋቸው ቀለም ወንድና ሴቱን መገመት ይቻላል። የወንዱ ጠቆር ይላል፤ የሴቷ ፈካ ብሎ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት አለው። ከሳምንት በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል። ግምት ነው፤ መቶ በመቶ አትመኑት።

*ፔኪን።* ነጩና ትልቁ፣ ምግብ ቤት ተጠብሶ የሚቀርበው። ወደ ስጋው ያደላል። በሰባትና ስምንት ሳምንት ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ እንቁላሏ 150 ከፍ ካለም 200 ነው። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ጉዳቱ ከባድነቱ ነው። ስጋ እንዲሆን የተመረጠው ፔኪን ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ እግሩ ይደክማል። ለዘር የምታስቀሯቸውን መኖ ልክ መስጠት አለባችሁ።

*ካኪ ካምቤል።* ከ250 እስከ 320 እንቁላል። እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው ዳክዬ ነው። ሁለት ኪሎ ስለሆነ ወንዱ ታርዶ 1.4 ኪሎ ያህል ነው የሚወጣው። ለእንቁላልም ለስጋም ብላችሁ ይህን ከገዛችሁ በመጀመሪያው የእርድ ቀን ታዝናላችሁ።

*መስኮቪ።* ይህ ከሌሎቹ የተለየ ዘር ነው። ወንዱ ከ4.5 እስከ 6.8 ኪሎ ይደርሳል፤ ሴቷ ግማሹን ያህል ናት። ስጋው ጮማ የለውም፣ ከሌላው ዳክዬ ይልቅ ወደ ቀይ ስጋ ይጠጋል። እንደ ሌሎቹ አይጮኽም፤ ያፏጫል እንጂ። ለጎረቤት ጸጥታ የሚያስብ ሰው ይወደዋል። እንቁላሏ ግን ከ60 እስከ 120 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ጥላ ትታቀፋለች። ያለ ማሽን ጫጩት የሚፈልግ ሰው ከእሷ የተሻለች እናት አያገኝም። ትበራለች፤ የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች መቁረጥ ያስፈልጋል። በአሜሪካ መስኮቪን ለምግብ ማርባት ይፈቀዳል፤ ኩሬ ወይም ሜዳ ላይ መልቀቅ ግን በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ካዩጋና ሩዋንም ይጠቀሳሉ። ያምራሉ። እንቁላላቸው ግን ጥቂት ነው፣ እድገታቸውም ይዘገያል። ለዚህ ጉዳይ እለፏቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ሦስት ዝርያ ገዝቶ አንድ ላይ መልቀቅ ያጓጓል። ዘር ማስቀጠል ከፈለጋችሁ አታድርጉት። የሚወለዱት ይደባለቁና የሚቀጥለው ዓመት ክብደትም እንቁላልም መገመት አትችሉም። መስኮቪ ከሌላው ጋር ከተዳቀለ ደግሞ ጫጩቱ መካን ነው፤ ለስጋ ይሆናል፣ ለዘር አይሆንም። ከባድ ወንድ ትንሽ ሴት ላይ ሲወጣ ጀርባዋንና እግሯን ይጎዳታል። ፔኪን ወንድን ከካምቤል ሴት ጋር አታኑሩ።

4ኛ ደረጃ፦ ሻጩን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ

የዝርያው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አንዱ አርቢ አፕልያርድን ለውድድር ያሳድጋል፤ ትልቅና የሚያምር ነው፣ ግን እንቁላሉ ጥቂት ነው። ሌላው ለምርት ያሳድጋል። ስማቸው አንድ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፦

ወላጆቹ ስንት ይመዝናሉ? ባለፈው ዓመት ሴቶቹ በአማካይ ስንት ጣሉ? ወንዶቹን በስንት ሳምንት ታርዳላችሁ? ብሔራዊው የዶሮ ጤና ፕሮግራም፣ ኤን.ፒ.አይ.ፒ. የሚባለው፣ ውስጥ ተመዝግባችኋል?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ቁጥር ጠቅሶ የሚመልስ ሰው መዝግቦ የያዘ ሰው ነው። «ጥሩ ነው፣ በደንብ ይጥላል» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት። አፕልያርድ ተብሎ የተሰጠኝ ወንድ በአሥራ ስድስት ሳምንቱ ሁለት ኪሎ ከሩብ ነበር። ሙሉ የበጋ መኖ በላ፤ ክብደቱ ግን ከትንሽ ዶሮ ብዙም አልበለጠም።

የአራተኛው ጥያቄ ምክንያቱ በሽታ ነው። ከ2022 ወዲህ የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ በተደጋጋሚ ተከስቷል፤ ዋና አዛማቾቹ የዱር ዳክዬዎችና ዝዮች ናቸው። ጤናው ከሚታይ ቦታ ግዙ። ከገዛችሁ በኋላም መኖና ውሃቸውን የዱር ወፍ የማይደርስበት ቦታ አድርጉ።

5ኛ ደረጃ፦ ስንትና ምን ዓይነት እንደምትገዙ ወስኑ

ማስፈልፈያዎች ጫጩትን በሁለት መንገድ ይሸጣሉ። ጾታው ተለይቶ፣ ወይም ሳይለይ። ያልተለየው ይረክሳል። ለእናንተ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው፤ ወንዶቹ ስጋችሁ ናቸውና። አሥራ ሁለት ያልተለየ ጫጩት ብትገዙ ስድስት ያህል ሴት ታገኛላችሁ። ዕድል ስለሆነ አራትም ስምንትም ሊሆን ይችላል። እንቁላሉ የግድ ከሆነባችሁ ሁለት ተለይተው የተረጋገጡ ሴቶች ጨምሩ።

ለአንድ ወንድ ከአራት እስከ ስድስት ሴት መድቡ። ከዚህ ያነሰ ሴት ካለ ወንዱ እላያቸው ላይ እየወጣ አንገታቸውን ላባ አልባ ያደርገዋል። እንቁላል ብቻ ለመብላት ከሆነ ወንድ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትጥላለች።

በጀቱን አሁን አስሉ። ያደገች ዳክዬ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም መኖ ትበላለች። ስድስት ዳክዬ በቀን አንድ ኪሎ ማለት ነው። 50 ፓውንድ የሆነ ከረጢት ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃል።

ጫጩት በፖስታ ሊላክላችሁ ይችላል። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የአስኳሉን ቅሪት ሆዱ ውስጥ ስለያዘ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ይቆያል። ደርሰው ስትከፍቷቸው መጀመሪያ ውሃ ስጧቸው፣ አፋቸውን አንድ በአንድ ነክራችሁ። መኖው ከዚያ በኋላ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጥሩ ዝርያ መርጣችሁ እዚህ ላይ ብትሳሳቱ ምርጫው ዋጋ የለውም።

ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትሩን ብቻ ሳይሆን ጫጩቶቹን እዩ። ማሞቂያው ሥር ከተቆለሉ በርዷቸዋል። ጥግ ጥግ ከሄዱና አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት የሚደርሰው በናያሲን እጥረት ነው። ናያሲን ቢ3 የሚባለው ቫይታሚን ነው። ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ብዙ የዶሮ ጫጩት መኖ ደግሞ ለዳክዬ የሚበቃ የለውም። ምልክቱን አንድ ጊዜ ካያችሁት አትረሱትም። ትናንት ሲሮጥ የነበረው ጫጩት ዛሬ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቁጢጥ ይላል። የእግሩ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ እግሮቹ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ። መኖው ጋ ለመድረስ በክንፉ መሬቱን እየገፋ ይሳባል። ቶሎ ከተያዘ ይድናል፤ ከዘገየ እንደጎበጠ ይቀራል። ያ ወንድ ከባድ ዝርያ ከሆነ የራሱን ክብደት መሸከም አይችልም። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ለአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቢራ እርሾ ቀላቅሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። ለዳክዬ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ ካገኛችሁ ግን ይህ አያስፈልግም።

ፕሮቲኑን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ከ20 እስከ 22 በመቶ፣ ከዚያ ወደ 16 ወይም 18 አውርዱት። ፕሮቲን ሲበዛ የክንፋቸው ጫፍ ወደ ውጭ ተጠማዞ ይቀራል። የእንቁላል ጣይ መኖ ለጫጩት አትስጡ፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ዳቦ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

ማስጠንቀቂያ፦ እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ያለ ጠባቂ ዋና አታስገቡ። ውሃ የሚከላከለውን ቅባት ከእናታቸው ላባ ስላላገኙ ይርሳሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይሞታሉ። ልጆችም ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ባይነኩ ይመረጣል። ጤነኛ የሚመስል ጫጩት ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።

7ኛ ደረጃ፦ ወንድና ሴት ለዩ፣ መዝኑ፣ ቀለበት እሰሩ

ስድስት ሳምንት አካባቢ ድምፃቸው ይለያል። አንዱን ዳክዬ በቀስታ አንሱና ከሌሎቹ ራቅ አድርጉት። መቃወሙ አይቀርም። ጮክ ያለ፣ ጥርት ያለ «ኳክ» ካሰማች ሴት ናት። ጉሮሮው የታመመ ሰው የሚያወራ ከመሰላችሁ ወንድ ነው። ወዲያው ቀለበት እሰሩ፤ ለወንድ ቀይ፣ ለሴት ሰማያዊ። በኋላ ወንዱ ጭራው ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለ ላባ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። መስኮቪ ግን አይጮኽም፤ እሱን በመጠኑ ለዩት።

አሁን ሚዛኑን አውጡ። ዳክዬውን ከረጢት ውስጥ ጭንቅላቱ ብቻ እንዲወጣ አድርጋችሁ ክተቱ፤ ጸጥ ይላል። በስምንት ሳምንትና በአሥራ ሁለት ሳምንት መዝናችሁ ጻፉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ለዘር የሚቀረው ወንድ በአይን መመረጥ የለበትም። ላባው ያማረው ሁሌ ትልቅ ይመስላል። እናንተ የምትፈልጉት በስምንት ሳምንት ከወንድሞቹ ቀድሞ የሄደውን ነው። እግሩ ቀጥ ያለ፣ ሲራመድ የማያነክስ መሆኑንም እዩ። ትልቁን አርዶ ትንሹን ለዘር ማስቀረት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ መንጋው በሙሉ ያንሳል።

8ኛ ደረጃ፦ የእርዱን ቀን በላባው ቁረጡ

ዳክዬ በፈለጉት ቀን አይታረድም። ላባውን የሚቀይርባቸው ጊዜያት አሉ። በእነዚህ ጊዜያት አዲሱ ላባ ከቆዳው ሥር እንደ እሾህ ይበቅላል። የሰውነቱን ላባ ስታወርዱ ይሰበርና ሥሩ ይቀራል። በወረንጦ አንድ በአንድ ስትለቅሙ ማታ ይሆናል።

ላባው የተሟላ የሚሆነው በሰባትና ስምንት ሳምንት፣ ቀጥሎ በአሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት፣ ከዚያ ደግሞ በአሥራ ስምንት ሳምንት አካባቢ ነው። ፔኪንን በመጀመሪያው እረዱ። አፕልያርድና ሳክሶኒ በስምንት ሳምንት ገና ስለሆኑ ሁለተኛውን ጠብቁ። ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት ፈትሹ። ደረቱ ላይ ያለውን ላባ በጣታችሁ ወደ ኋላ ግፉና ቆዳውን እዩ። ንጹሕ ከሆነ ጊዜው ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ጥቂት ሳምንት ቆዩ። ነጭ ላባ ያለው ዳክዬ ሥሩ ቢቀር እንኳ አይታይም፤ የጥቁሩ ግን ቆዳው ላይ ይታያል።

የዳክዬ ላባ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ የምትነክሩበት ውሃ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ይሁንና ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፤ ውሃው ወደ ቆዳው ይገባል። ቆዳውን ለማትፈልጉ ሰዎች፣ እንደ ዶሮ ወጥ ለምትሠሩት፣ ከነላባው መግፈፍ በጣም ይቀላል። የዳክዬ ጮማ ቆዳው ሥር ስለሆነ ወጡም አይከብድም። ከነቆዳው ከሠራችሁት ግን ቅቤውን ቀንሱ።

9ኛ ደረጃ፦ የሴቶቹን እንቁላል ቁጠሩ

አብዛኞቹ መጣል የሚጀምሩት ከአምስት እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ ነው። ዳክዬ ብዙውን ጊዜ የምትጥለው ንጋት ላይ ስለሆነ እስከ ረፋዱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከቤታቸው አታውጧቸው። ቀድማችሁ ከለቀቃችኋቸው እንቁላሉን ቁጥቋጦ ሥር ይደብቁትና «ዳክዬዬ አትጥልም» ትላላችሁ። ይህ ስልክ ብዙ ጊዜ ይደወልልኛል።

ማታ ማታ ግን ሁሌ ዝጉባቸው። አገር ቤት ሸለምጥማጥ እንደምትሉት እዚህ ራኩን አለ። እጁ እንደ ሰው ነው፤ ቀላል መቀርቀሪያ ይከፍታል። የዶሮ ሽቦ ይቀድዳል፤ ግማሽ ኢንች ወንፊት የተባለው ለዚህ ነው። መቀርቀሪያው ላይ የሚቆለፍ ነገር ጨምሩ።

በየቀኑ የተገኘውን በደብተሩ ጻፉ፤ ወር ሲሞላ ለሴቶቹ ቁጥር አካፍሉት። አፕልያርድ ገዝታችሁ በሚያዝያ ወር አንዷ በአማካይ ከአሥራ አምስት በታች ከሆነች መጀመሪያ መኖውንና የተደበቀ ጎጆ ፈትሹ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የገዛችሁት ለምርት የተመረጠ ዘር አይደለም። የሚቀጥለውን ዓመት ጫጩት ከሌላ አርቢ ግዙ።

ለማስፈልፈል የምታስቀምጡትን እንቁላል ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቆዩ፤ ፍሪጅ ግን አይደለም። ከአንድ ሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ማሽኑ ውስጥ 28 ቀን ይፈጃል፤ መስኮቪ 35 ቀን። ሁለቱን አንድ ማሽን ውስጥ ካስገባችሁ የመስኮቪውን ቀን ቀድማችሁ እንቁላሉ ላይ በእርሳስ ጻፉ። በ28ኛው ቀን አልተፈለፈለም ብለው ጥሩውን እንቁላል የጣሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።